ገጹ ሲገለጥ

ሽፋኑ ላይ ሴት አለች፣ ትከሻዋን ያራቆተች፣
ከምድጃው እሳት አጠገብ ብርጭቆዋን የጨበጠች፤
ከኋላዋ ጎልማሳ አለ፣ ጸጉሩ በቅባት የተኛ፣
በመስኮቱም ጨረቃ አለች፣ የካርቶን፣ ግን እውነተኛ
ለሚወድ ሰው።
ጀርባው ላይ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦
“ለሁለት ሰው፣ ለእራት ሰዓት፣ መብራት ዝቅ ለሚልበት።”

ስሜን አትፈልጉት እዚያ።
ኢኒድ ትሬጊር ነኝ፤ ቫዮሊን፤ ዐሥራ ስምንተኛ ከሃያ።

ያ ሌሊት የምትሉት ከጧቱ አራት ሰዓት ነው፣
ማክሰኞ፣ ለንደንን ጉም፣ ጉሙን ጥቀርሻ የሸፈነው፤
አዳራሹ አሮጌ ጸሎት ቤት፣ ማሞቂያው የተሰበረ፣
ጣቱን በብብቱ ያልቀበረ አንድም ሰው አልነበረ።
መለከት ነፊው አስነጠሰ፣ ሻርፑን አንገቱ ላይ አዙሮ፤
ክፍያው በሰዓት ነበር፣ ፍቅሩም ጭምር ተቆጥሮ።

ከእኔ ጋር የኖታ ማቆሚያ የሚጋራ ሄድሊ ኦርም ነበር፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ መስመር።
እኔ ቀስቴን እንዳላቋርጥ እሱ ነበር ገጹን የሚገልጥ፣
ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያገላብጥ።
ፊቱን በሙሉ እንጃ። እኔ የማውቀው ቀኝ ጉንጩን፣
ከጆሮው ሥር ምላጭ ዘወትር የሚስታትን ቁንጽል ጢሙን፣
ሚስቱ በሌላ ቀለም ክር የተከለችለትን ቁልፉን።
ምን ተባባልን? “እንደምን አደርሽ”፤ “ብርዱ ባሰ”፤ “እርሳስ ይኖርሃል?”
ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ያልቃል።

ያን ማክሰኞ፣ በመጨረሻው ዜማ፣ ሠላሳ ሁለተኛው መስመር ላይ፣
ቫዮሊኖቹ እንደ ፏፏቴ እርስ በርስ ሲወርዱ ከላይ፣
ገጹ ተጣበቀ። የሻይ ጠብታ ነክቶት ኖሮ።
ጣቱን ላሰና ሳበው፤ ኮሽ አለ ወረቀቱ በርሮ።
መሐንዲሱ ከመስታወቱ ጀርባ “ይደገም” ሊል ቃጣና
ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ሞልቷል፤ ሒሳቡ ከዚህ አያልፍምና
“ማን ይሰማዋል፣ ይለፍ” አለ።

ዐለፈ። በስንት እራት ላይ፣ በስንት ሳሎን ተጫወተ!
በብላክፑል ሆቴሎች፣ በሊድስ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ በአሳንሰር ተጎተተ፤
ስንቱ በእኛ ተሳሳመ፣ ስንቱ ታረቀ ኩርፊያውን ትቶ፣
ስንቷ በእኛ ስትጨፍር ሥጋው አረረባት፣ ጭሱ ሳሎን ገብቶ።
እኛማ ሻንጣ ዘግተን በጉሙ ውስጥ ተለያየን፤
እሱ ወደ ሰሜኑ አውቶቡስ፣ እኔ ወደ ደቡቡ፤ ጀርባ እንጂ ፊት አልተያየን።

ከዚያ ጊታሩ መጣ። ከዚያም ቁልፉን ሲነኩት
ሃያ ቫዮሊን የሚሆን ሣጥን። ተበተንን።
ሄድሊን ጋዜጣ ላይ አነበብሁት፤ አራት መስመር፤ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት፤
ፎቶግራፍ አልነበረበት።

ዛሬ ማርጌት ነኝ፣ ባሕሩ ፊት፣ ሰማንያ ስምንቴን ይዤ።
ሸክላውን ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገዛሁት፣ ከተቧጨሩ ድስቶች መሀል መዝዤ።
አፍንጫው ላይ ቀለበት ያለው ሻጭ ሽፋኑን አይቶ ሳቀ፤
“የአያቶች ፍቅር!” አለኝ። አዎ። እሱም አላወቀ፣
እኔም አልነገርሁት።

ሰው ሸክላ ነው ይባላል። ሄድሊ ተሰብሮ ዐለፈ፤
ይሄኛው ግን ተቧጭሮም፣ ጠርዙ ተሸርፎም ተረፈ።
አልዋሽም፤ ክሩ ሲነሣ የካርቶኗ ጨረቃ ትሞቃለች፣
ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ሻይ ማፍያው ላይ፣ ትንሽ ታበራለች።
የምጠብቀው ግን ሌላ ነው፤ ሠላሳ ሁለት እቆጥራለሁ፤
እንኳን ቀስት፣ ትንፋሼንም እይዛለሁ፤
ከፏፏቴው ሥር
ኮሽ፤
ሙሉ ገጹ ይገለጣል።
ሸክላው ምን ተዳው፤ ይዞራል።